ሲንጋፖርን በአንድ ቀን በእግር ማወቅ፦ የድሮውን ባሕር ዳር ተከተሉ

የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። ሲንጋፖር ስንት ጊዜ እንደቆምን ቆጥሬ አላውቅም። ብዙ ጊዜ የምንቆመው ነዳጅ ለመሙላት ነው፤ እኛ ባንከር እንለዋለን። ለመርከብ ነዳጅ በመሸጥ እሷን የሚያክል ወደብ በዓለም ላይ የለም። ከሞተር ክፍል ወጥቼ ዴክ ላይ ስቆም ዙሪያዬን መርከብ ነው። አንዳንዴ ዕድል ከቀናን ሾር ሊቭ፣ ማለትም ወደ ምድር የመውረድ ፈቃድ፣ ይሰጠናል። አንድ ቀን፣ ከዚያ በላይ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ኦርቻርድ ሮድ ላይ ገበያ ማዕከል ለገበያ ማዕከል ስዞር ጨረስኳቸው። ጫማ አየሁ፣ ስልክ አየሁ፣ ወደ መርከብ ተመለስኩ። ስለ አገሩ ምንም አላወቅኩም፤ ይህ ደግሞ ከነከነኝ። በሦስተኛው ጊዜ ዝናብ አባረረኝና ቴሎክ አየር በሚባል መንገድ ላይ አንድ የቻይኖች ቤተ መቅደስ ደጃፍ ተጠለልኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ባሕረኛ መሆኔን ስነግራቸው በጃንጥላቸው ጫፍ መሬቱን ነካ ነካ አደረጉና «ባሕሩ እኮ እዚህ ነበር» አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ፊት ለፊቴ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ፎቅ፣ ከፎቁ ጀርባ ሌላ ፎቅ። ውኃ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሲንጋፖርን የማየው የድሮውን ባሕር ዳር እየፈለግኩ ነው። የዚህች አገር ታሪክ ዋና ዋናው የተፈጸመው ውኃው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ግን ቦታውን ለቋል። ደሴቷ በ1960ዎቹ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረች። ዛሬ ከ730 ታልፋለች። ልዩነቱ በአሸዋና በአፈር የተሞላ ባሕር ነው። አሸዋው አልቆ ከጎረቤት ሲገዙ፣ ጎረቤቶቹም በየተራ መሸጥ ከልክለዋል። ስለዚህ የዛሬውን ዳርቻ ብቻ ያየ ሰው ታሪኩ ያመልጠዋል። አንድ ቀን ካላችሁ እኔ የምሄድበትን መንገድ ላሳያችሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመውጣታችሁ በፊት

በአውሮፕላን የምትመጡ ከሆነ የመግቢያ ቅጹን ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ሙሉ። በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይዛችሁ አትግቡ፤ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ማስቲካም ከ1992 ጀምሮ ማስገባት አይቻልም። ለባቡርና ለአውቶቡስ ንክኪ የሚቀበል የባንክ ካርድ ይበቃል። ባቡር ውስጥ ውኃ እንኳ አይጠጣም። ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ንጹሕ ስለሆነ አንድ ኮዳ ያዙና እየሞላችሁ ሂዱ። ጃንጥላ አትርሱ። አገሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አንድ ዲግሪ ከምናምን ላይ ነው ያለው፤ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ቤተ መቅደስና መስጊድ ስለምትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ።

ጠዋት፦ ከኮረብታው ጀምሩ

በሲንጋፖር ሰዓት 8:30 ላይ፣ በእኛ አነጋገር ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ ፎርት ካኒንግ ኮረብታ ላይ ሁኑ። ትንሽ ኮረብታ ናት። ማላዮች ቡኪት ላራንጋን ይሏት ነበር፤ የተከለከለ ኮረብታ ማለት ነው። የጥንት ነገሥታት መኖሪያና መቀበሪያ ናት ተብሎ ስለሚታመን ሰው አይወጣባትም ነበር።

ብዙ ሰው የሲንጋፖር ታሪክ በእንግሊዞች የጀመረ ይመስለዋል። እዚህ ኮረብታ ላይ ግን ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የቀረ ዕቃ ከመሬት ወጥቷል። በ1928 ሠራተኞች ሲቆፍሩ የወርቅ ጌጥ አገኙ። ከ1984 ጀምሮ ደግሞ አርኪዮሎጂስቶች የቻይና ሸክላ ስብርባሪና የመስታወት ዶቃ አወጡ። ቴማሴክ የሚባል የንግድ ከተማ ነበር ማለት ነው። ዋንግ ዳዩዋን የሚባል ቻይናዊ መንገደኛም በዚያው ዘመን ስለ ቦታው ጽፏል። የማላይ ዜና መዋዕል ደግሞ ሳንግ ኒላ ኡታማ የሚባል ልዑል እዚህ ሲደርስ አንበሳ የመሰለ አውሬ አይቶ ከተማዋን ሲንጋፑራ፣ የአንበሳ ከተማ፣ እንዳላት ይተርካል። በዚህ ደሴት አንበሳ ኖሮ አያውቅም። አፈ ታሪክ ነው፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀርቷል።

ከኮረብታው ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየሙ በ10 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ 4 ሰዓት፣ ይከፈታል። እድሳት ካለ አንዳንድ ክፍል ሊዘጋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ለአንድ ነገር ብቻ ብዬ እገባለሁ፤ ሲንጋፖር ድንጋይ ለሚባለው። ድሮ በወንዙ አፍ ላይ 3 ሜትር ያህል የሚረዝም ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ ነበር። በ1843 እንግሊዞች ቦታውን ለማስፋት በባሩድ አፈነዱት። የተረፈችው ቁራጭ በደረት የምታቅፏትን ያህል ናት። ፊደሉን እስከ ዛሬ ያነበበው ሰው የለም። ከፊት ለፊት ብቻ አትዩት፣ ወደ ጎን ዞር በሉ። ከጎን ስታዩት የተሸረሸሩት መስመሮች ጥላ ይዘው ብቅ ይላሉ። አንድ ሰው አንድ ቀን ለሌላው ሊነግር ፈልጎ የቀረጸው ነገር ነበር። ሁልጊዜ እዚያ ስቆም ሆዴ ይባባል።

ወንዙ

ከሙዚየሙ በሂል ስትሪት በኩል ውረዱ። በ1835 የተሠራችውን የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን እግረ መንገዳችሁን እዩና ወደ ወንዙ ዝለቁ። እዚያ ነጭ ሐውልት አለ፤ እጁን አጣምሮ የቆመ ሰው። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም የነበረው ስታምፎርድ ራፍልስ ነው። በጥር 1819 ከመርከብ ወረደ። የካቲት 6 ከማላዮቹ ገዥዎች፣ ከሱልጣን ሁሴንና ከተመንጎንግ (የማላይ ሹመት ነው) አብዱል ራህማን ጋር፣ እንግሊዞች የንግድ ጣቢያ እንዲከፍቱ ውል ተፈራረመ። ያን ጊዜ ደሴቷ ላይ የነበረው ሰው ወደ 1 ሺህ ገደማ ነው፤ ማላዮች፣ ጥቂት ቻይኖች፣ በጀልባ ላይ ተወልደው በጀልባ ላይ የሚሞቱ ኦራንግ ላውት የሚባሉ የባሕር ሰዎች። በ1824 ሲቆጠር ሕዝቡ 10,683 ደርሶ ነበር።

ምን ስቧቸው ነው? ባሕረኛ ይህንን ካርታ ሳያይ ይረዳዋል። ከሕንድ ወደ ቻይና የሚሄድ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ በማላካ ባሕር ወሽመጥ ነበር የሚያልፈው። የሸራ መርከብ ደግሞ በነፋስ ነው የሚሄደው። ነፋሱ ግማሽ ዓመት ከደቡብ ምዕራብ፣ ግማሽ ዓመት ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። እስኪዞር የሚጠበቅበት ቦታ ያስፈልጋል። ሆላንዶች በወደቦቻቸው ቀረጥ ሲያስከፍሉ እንግሊዞች «እዚህ ቀረጥ የለም» አሉ። ነጋዴው ጎረፈ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ራፍልስ ሲንጋፖር የመጣው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም። ከተማዋን የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ቀን ከሌት ያቆማት ዊሊያም ፋርኳር የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነው። ማላይኛ ይናገራል፣ ሕዝቡ ይወደዋል። ገንዘብ ሲያጥር ቁማር ቤትና ኦፒየም ፈቅዶ ግብር ሰበሰበ። ራፍልስ በዚህ ተቆጥቶ በ1823 አሰናበተው። ወንዙ ዳር ሐውልት ያለው ግን ራፍልስ ነው። ለእኔ ፍርዱ ልክ አይመስለኝም።

ከሐውልቱ ጥቂት ወረድ ብላችሁ ካቨና ድልድይን ፈልጉ። መግቢያው ላይ አሮጌ የብረት ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ከነጭነቱ ከ150 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ፣ ከብትና ፈረስ እንዳያልፍ ይላል። ዛሬ በዚያ ድልድይ የሚያልፉት ክራባት ያሰሩ የባንክ ሠራተኞች ናቸው። ከድልድዩ ሥር ውኃው ንጹሕ ነው። እስከ 1970ዎቹ ግን ይህ ወንዝ የአሳማ እርባታና የጀልባ ቆሻሻ ይፈስበት ነበር፤ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። በ1977 ጽዳቱ ተጀመረ፣ በ1987 አለቀ። ሩዝና ጎማ ያመላልሱ የነበሩት ጀልባዎችም በ1983 ከወንዙ እንዲወጡ ተደረገ።

ሜዳውና ደረጃው

ከወንዙ አምስት ደቂቃ ብትራመዱ ፓዳንግ የሚባለው አረንጓዴ ሜዳ ላይ ትወጣላችሁ። ከሜዳው ፊት ለፊት ዓምድ የደረደረ ትልቅ ሕንጻ አለ። ያኔ ሲቲ ሆል ነበር፣ ዛሬ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ነው። በሜዳው በኩል ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ጀርባችሁን ለሕንጻው ስጡ። ባሕሩ ድሮ ከሜዳው ማዶ ወዲያውኑ ይጀምር ነበር።

እንግሊዞች ጠላት በዚህ በባሕሩ በኩል ይመጣል ብለው ትላልቅ መድፎቻቸውን ለመርከብ አሰናድተው ነበር። ጃፓኖች በሰሜን በኩል በማላያ ምድር ወረዱ። አንዳንዶቹ መድፎች ወደ ምድር መዞር ይችሉ ነበር፤ ጥይታቸው ግን በአብዛኛው የመርከብ ብረት ለመብሳት የተሠራ ነው። የካቲት 8 ቀን 1942 ሌሊት ጃፓኖች ደሴቷን ከማላያ የሚለየውን የጆሆር ወሽመጥ ተሻገሩ። በሳምንቱ፣ የካቲት 15፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ፐርሲቫል ለጃፓኑ ጄኔራል ያማሺታ እጁን ሰጠ። እዚህ ደሴት ላይ ብቻ ወደ 80 ሺህ ወታደር ተማረከ። ከምክንያቶቹ አንዱ ውኃ ነበር፤ ቧንቧው ተመትቶ ከተማው ሊጠማ ደርሶ ነበር። ይህንን ያዙልኝ፤ ማታ እንመለስበታለን።

ከዚያ ሦስት ዓመት ተኩል መከራ ሆነ። ቻይናውያን ወንዶች በየሰፈሩ ተሰልፈው ተለዩ። ብዙዎቹን በጭነት መኪና ወስደው ቻንጊና ሌላም ባሕር ዳር ላይ ረሸኗቸው። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1962 አፅማቸው ከመሬት ሲወጣ መታሰቢያ እንዲሠራ ተወሰነ። ከሜዳው ጥግ ብታዩ አራት ረጃጅም ነጭ ዓምዶች ይታያሉ፤ እሱ ነው። ቻይናዊው፣ ማላዩ፣ ሕንዱና የቀረው ሕዝብ አብሮ ሞቷል ለማለት አራት ሆኑ። መታሰቢያው ቢች ሮድ ጫፍ ላይ ነው ያለው። ቢች ሮድ ማለት የባሕር ዳር መንገድ ነው። አሁን ባሕሩ ከዚያ አይታይም።

የተቀመጣችሁበት ደረጃስ? መስከረም 12 ቀን 1945 ጃፓኖች በዚህ ሕንጻ ውስጥ ለእንግሊዙ አዛዥ ለማውንትባተን እጅ ሰጡ። በ1959 ሲንጋፖር ራሷን ማስተዳደር ስትጀምር ሊ ኩዋን ዩ በዚሁ ሕንጻ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ፈጸመ። የ35 ዓመት ሰው ነበር። መስከረም 16 ቀን 1963 ከማሌዢያ ጋር መዋሃዳቸው እዚሁ ታወጀ። ውህደቱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1964 በማላዮችና በቻይኖች መካከል ደም ፈሰሰ። ነሐሴ 9 ቀን 1965 ማሌዢያ አሰናበተቻቸው። ሊ በቴሌቪዥን ሲናገር እንባው መጣና ንግግሩን አቋረጠ። ነጻነት ስታገኝ መሪዋ ያለቀሰላት አገር እሷ ናት።

ቴሎክ አየር

አሁን በባቡር ከሲቲ ሆል አንድ ጣቢያ ወደ ራፍልስ ፕሌስ፣ ከዚያ በእግር ወደ ቴሎክ አየር። ስሙ በማላይ የውኃ ወሽመጥ ማለት ነው። እዚህ አትቸኩሉ።

ቲያን ሆክ ኬንግ የተባለው ቤተ መቅደስ ከ1839 እስከ 1842 የተሠራ ነው። የተሠራው ለማዙ፣ ለባሕረኞች ጠባቂ አምላክ ነው። ከደቡብ ቻይና በጀልባ የመጣ ሰው በሕይወት ሲደርስ ገና እግሩ ሳይደርቅ መጥቶ እዚህ ያመሰግን ነበር። ደጃፉ ከፍ ያለ ደፍ አለው፤ እግራችሁን አንሥታችሁ ነው የምትሻገሩት። ደፉን አትርገጡት። አንገታችሁን ማቀርቀራችሁ አይቀርም፤ እንግዳ ሰው ሳይወድ በግድ አጎንብሶ ይገባል። ውስጡ የዕጣን ጭስ ነው። እኔ በማዙ አላመልክም። ግን ሌሊት ማዕበል ውስጥ ሞተር ሲጠፋ የሚሰማውን ነገር አውቀዋለሁ። እነዚያ ሰዎች እዚህ ለምን እንደተንበረከኩ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

ጥቂት ቤቶች አልፎ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ሙስሊሞች በ1830 ገደማ ለአንድ ቅዱስ ሰው መታሰቢያ የሠሩት ናጎር ዳርጋ አለ። እነሱም ያው ከባሕር በሰላም ወጣን ብለው ነው። ወደ ሳውዝ ብሪጅ ሮድ ስትሻገሩ የሂንዱዎቹ ስሪ ማሪያማን ቤተ መቅደስ፣ ከጎኑ መስጊድ። ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ነው።

ምሳ ማክስዌል ብሉ። ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች በአንድ ጣራ ሥር ያሉበት አዳራሽ ነው። በዶሮ የበሰለ ሩዝ ከ4 እስከ 6 የሲንጋፖር ዶላር ያወጣል። ጠረጴዛ ላይ የሶፍት እሽግ ተቀምጦ ካያችሁ ቦታው ተይዟል ማለት ነው፤ አንሥታችሁ እንዳትቀመጡ። ስትጨርሱ ትሪውን ራሳችሁ መልሱ፤ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ነው።

ቡናውን ደግሞ ተማሩት። ቡናው በስኳርና በቅቤ ተቆልቶ፣ በጨርቅ ማጥለያ ተጠልሎ ይቀርባል። «ኮፒ» ካላችሁ ወፍራም የጣሳ ወተት ይገባበታል። «ኮፒ ኦ» ጥቁር ነው፣ ስኳር አለው። «ኮፒ ኦ ኮሶንግ» ጥቁር ያለ ስኳር ነው። ኮፒና ኮሶንግ ማላይኛ ናቸው፤ ኮሶንግ ባዶ ማለት ነው። ኦ በሆኪየን ቻይንኛ ጥቁር ማለት ነው። አንዲት ሲኒ ለማዘዝ ሁለት ሕዝብ ቋንቋውን ያዋጣል። አገሩ አራት የሥራ ቋንቋ አለው፤ ማላይ፣ ማንዳሪን፣ ታሚልና እንግሊዝኛ። ይህንን በወረቀት አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ኮፒ ኦ ኮሶንግ ብዬ አዝዤ ሻጯ ሳትደናገር ስትቀዳልኝ ነው።

ከማክስዌል መንገዱን ተሻግራችሁ የከተማ ፕላን ጋለሪው ውስጥ የከተማዋን ትልቅ ሞዴል በነጻ ታያላችሁ። ቴሎክ አየርን በሞዴሉ ላይ ፈልጉትና ከባሕሩ ምን ያህል እንደራቀ ተመልከቱ።

ከ50ኛው ፎቅ

ከዚያ በእግር ወደ ፒናክል። የመንግሥት መኖሪያ ቤት ነው፤ ሰባት ሕንጻዎች፣ እያንዳንዳቸው 50 ፎቅ። ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ ጣራው ላይ መውጣት ይቻላል።

ግንቦት 25 ቀን 1961 ቡኪት ሆ ስዊ የሚባል የደሳሳ ጎጆ ሰፈር ተቃጠለ። ወደ 16 ሺህ ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። የመንግሥት የቤቶች ቦርድ ከተቋቋመ አንድ ዓመቱ ነበር። በዚያው ቦታ ላይ ፎቅ ማቆም ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አላቆመም። ዛሬ ከአሥር ነዋሪ ስምንቱ ገደማ ቦርዱ በሠራው ቤት ነው የሚኖረው። አብዛኛው ቤቱን በ99 ዓመት ሊዝ ገዝቶታል።

ከጣራው በደቡብ በኩል ሴንቶሳ ደሴት ይታያችኋል። መዝናኛ ነው አሁን። የድሮ ስሙ ፑላው ብላካንግ ማቲ ነበር፤ ማቲ ሞት ማለት ነው። በ1942 የተረሸኑ ሰዎች ሬሳ ማዕበል እያመጣ ወደዚያ ይጥለው ነበር። ደግሞ ሌላ ነገር። ቺያ ታይ ፖ የሚባል የተቃዋሚ ፓርላማ አባል በ1966 ታሰረ። ያለ ፍርድ ቤት 23 ዓመት ታስሮ ቆየ። በ1989 ሲለቁት በዚያች ደሴት ላይ በአንዲት የዘብ ቤት እንዲኖር አደረጉት። ሙሉ ነጻነቱን ያገኘው በ1998 ነው። የሲንጋፖርን እድገት የሚያወራ ሰው ይህንን ካልጨመረ ታሪኩን በግማሽ ነው የነገራችሁ። እኔ ከተማዋን እወዳታለሁ። ይህንን ግን መዝለል አልችልም።

ማታ፦ ውኃው

ከአውትራም ፓርክ ጣቢያ ቡናማውን መስመር ያዙና ጋርደንስ ባይ ዘ ቤይ ውረዱ። ከዚያ በእግር ወደ ማሪና ባራጅ። ፀሐይ የምትጠልቀው በ7 ሰዓት፣ በእኛ ማታ 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ትንሽ ቀደም በሉ።

ባራጅ 350 ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ ነው። ዘጠኝ የብረት በር አለው። ዝናብ ሲበዛና ባሕሩ ዝቅ ሲል በሮቹ ተከፍተው ትርፉን ውኃ ይለቃሉ። ባሕሩ ከፍ ካለ ግን በሮቹን መክፈት አይቻልም፤ ጨው ውኃ ይገባል። ያን ጊዜ ሰባት ግዙፍ ፓምፖች ይነሡና ውኃውን ገፍተው ያወጡታል። ፓምፖቹን በመስታወት በኩል ማየት ይቻላል። እኔ ረጅም ሰዓት የምቆመው እዚያ ነው፤ ሙያዬ ስለሆነ ልቤ ይሳባል።

ለምን ሠሩት? ከ1942 ጀምሮ ጥሙ አልወጣላቸውም። በ1962 ከጎረቤታቸው የማሌዢያ ግዛት ከጆሆር ጋር በተፈራረሙት ውል በቀን 250 ሚሊዮን ጋሎን ውኃ ከጎረቤት ይቀዳሉ፤ ለአንድ ሺህ ጋሎን 3 የማሌዢያ ሳንቲም እየከፈሉ። ውሉ በ2061 ያልቃል። ጎረቤት ቢቆጣ ቧንቧው ይዘጋል ብለው ሲሰጉ ኖሩ። ስለዚህ ዝናብ አጠራቀሙ፣ ከ2003 ጀምሮ የፍሳሽ ውኃ አጣርተው መጠቀም ጀመሩ፣ በ2008 ደግሞ ይህንን ግድብ አስመረቁ። ከግድቡ ወዲህ ያለው፣ ፎቆቹ የተንጸባረቁበት ወሽመጥ፣ ባሕር የነበረ ነው። የራፍልስም፣ የማዙ ምእመናንም፣ የጃፓኖቹም መርከብ የቆመበት ውኃ። ዛሬ የሚጠጣ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ጠዋት በኮዳችሁ የሞላችሁት ከዚያ ተጣርቶ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ጣራው ላይ ሣር አለ፤ ልጆች ካይት ያበርራሉ። ወደ ደቡብ ዞራችሁ ተቀመጡ። ሲመሽ መልሕቅ የጣሉት መርከቦች አንድ በአንድ መብራት ያበራሉ። ቆጥራችሁ አትጨርሷቸውም። እኔ በዚያን ሰዓት ተነሥቼ ወደ ማሪና ሳውዝ ፒየር እሄዳለሁ። ባሕረኞችን የምታመላልሰው ጀልባ የምትነሣው ከዚያ ነው፤ ካመለጠችኝ መርከቤ ትሄዳለች። እናንተ ግን መቸኮል የለባችሁም። ወደ ከተማ የሚመልሳችሁ ባቡር እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ይሠራል።